አስታዋሹ

ደሴ፣ ከጦሳ ሥር፣ ባረጀው አዳራሽ፣
ሃያ ሰባት ዓመት የሰው ቃል አስታዋሽ።
ባንድ እጄ ባትሪ፣ ባንዱ የድርሰት ቅጂ፣
ቃል ለጠፋው ሁሉ ቃል አበዳሪ እንጂ፣
ኖርኩ ያን ሁሉ ዘመን ከመጋረጃው ሥር፣
የራሴን አንዲት ቃል ጮክ ብዬ ሳልናገር።

በዚያ ዓመት ያነሳነው ተውኔት ስለ ፍቅር ነበር።
በሩ ላይ ሰቅለናል ትልቅ የሸራ ሥዕል፣
ስምንት እጆች ተያይዘው፣ "አንድ ነን" የሚል።
የሳለው እንድሪስ ነው፣ ከበሮ መቺው፤
ዓርብ ሰባት ሰዓት ልምምድ ሲጠራ፣ ጁምዓ እንዳያመልጠው
የሚለምነው እሱ፤ "ቶሎ ስገድና ና!"
እየተባለ የሚሣቅበት፣ ገና ሳይወጣ ገና።

ከጓዳ በኩል ደግሞ፣ ከእንስራው ጎን ዘንድ፣
ስምንት ኩባያ መደርደሪያ ላይ፣ ሚስማር ላይ አንድ።
ሚስማር ላይ ያለው፣ ጆሮው የተሸረፈ፣
የየዝና ነው።
ማን ለየው? አልተባለ። ማን አዘዘ? አልተጻፈ።

የዝና የሸክላ ሠሪ ልጅ፣
ጭምብሎቻችንን የምትቀርጽ በእጅ፣
ቀና ብላ ካየች በልምምዱ መሀል፣
አንዱ ፊቱን ሸፍኖ "ዓይኗን!" ይላል፣ ይሣቃል።
እኔም እሥቅ ነበር። "ልቤ ሳይሆን ጥርሴ"
እያልኩ እያታለልኩ ራሴን ለራሴ።

መዲና ከከሚሴ ናት። የተሰጣት ክፍል የገረድ፣
አማርኛዋን ሰብራ ሰው እንድታስቅ በግድ።
አፏ የማያውቀውን ስብርባሪ
አጥንታ ነው የመጣችው፣ እንደ ቋንቋ ተማሪ።
ልብስ መቀየሪያው በር የለው፣ አቡጀዲ ነው የጋረደው፤
አዘጋጁ ወንዳፍራሽ ሳል ሳያሰማ ገልጦ ይገባል፣
"ቤተሰብ ነን" ነው የሚለው።

የምረቃው ለታ አዳራሹ ጢም ብሎ፣
ወንበር ያጣው ሁሉ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ፣
የዝና፣ በተውኔቱ እናታችን፣ ዋንጫ ይዛ ቆመች።
"ልጆቼ፣ ኑ ጠጡ፣ ካንድ ዋንጫ" ልትል፣
ዝም አለች።
ጠፍቷት ነው ብዬ ሹክ አልኩ፤ "ልጆቼ፣ ኑ..."
ዝም።
ደገምኩ። "ኑ ጠጡ..."
ዞር አለች ወደ እኔ፣ ወደ ጨለማዬ፤
"ሰምቼሃለሁ" አለች፣ "አስታዋሹ ጋሼዬ።
ቃሉን አልረሳሁም፣ በልቤ ነው ያለ፤
እናንተ የረሳችሁት ግን
ጓዳ ነው፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ።"
ሕዝቡ የድርሰቱ መስሎት አጨበጨበ።
ባትሪዬ ጠፋ። ማን እንዳጠፋው እንጃ።

ማግስቱን ስብሰባ። ወንዳፍራሽ ተቆጣ፤
"ወሎ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከየት መጣ?
እስላም ክርስቲያኑ ተጋብቶ በሚኖርበት አገር!
ስማችንን አጠፋች!" ጸጥ አለ ነገር።
ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ሻካራ፣ ዝገት የበላው፤
የማን ነው ብዬ ዞርኩ። የእኔው ነው።
"ስሙ ጥሩ ነው" አልኩ፣ "ያወረሱን ያለ ዕዳ፤
ስም ግን በር አይሆንም ለሴት ልጅ ጓዳ።
ያየሁትን ሰባት ዓመት አልተናገርኩም፤
ኩባያውን አልሰቀልኩም፣
ግን አላወረድኩም።"

ሁሉም አልተቃና። ወንዳፍራሽ ዛሬም ያኮርፋል።
ግን አናጢ መጣ፣ በር ገጠመ፣ በውስጥ በኩል ይቆለፋል።
የዓርቡ ልምምድ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።
መዲና የገረዷን ቃል ራሷ ጻፈችው፣ ግማሹ ኦሮምኛ ነው፤
ሰው ሣቀ፣ ሆዱን እስኪያመው፣
ግን በእሷ አይደለም፣ በቀልዷ ነው።
የዝና ከእናቷ እሳት የወጣ ዘጠኝ የሸክላ ኩባያ አመጣች፤
ውኃ ቀዳች።
ጠጣን። አንዱ "ጾመኛ ነኝ" አለ።
የማንም ጾም አልነበረም። አየችው፤
"ይቀመጥልሃል" አለች።

ሚስማሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ቀዳዳው ግን አለ፣
ሁለት ዙር ቀለም ውጦ፣ አፉን እንደከፈተ ያለ።
ትናንት አዲስ የመጣች ልጅ፣ ሉባባ የምትባል፣
ጣቷን ሰድዳ "ጋሼ፣ እዚህ ምን ነበር?" አለችኝ፣ "ምን ይሰቀላል?"
መጋረጃው ቅርብ ነበር፣ ሹክታም ይበቃ ነበር።
ጮክ ብዬ ነገርኳት።